የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅልን በቶርኖ መጠቅለል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወርክሾፖች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ያስተዋወቀውና ዛሬም በስሙ የሚጠራው ጥቅል፣ አየርን ሰንጥቆ የሚወጣ የእሳት ጭራ ማየት ለሚሹ የኤሌክትሪክ አፍቃሪዎች ተወዳጅ ፕሮጀክት ነው። ከመሣሪያው ክፍሎች መካከል ትዕግሥትን የሚፈታተነው ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያወጣው ሁለተኛው ጥቅል ሲሆን፣ ይህም በአንድ ቱቦ ላይ በአንድ ንብር ብቻ፣ ሳይደራረብና ሳይላላ የተጠቀለለ ከ1,000 ዙር ያላነሰ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። በእጅ መጠቅለል የሚቻል ቢሆንም ዓይንም ክንድም ይደክማል፤ በቶርኖ (ዕቃን ይዞ በሚያሽከረክረው የብረት መቅረጫ ማሽን) ግን መጠቅለሉ ራሱ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ጊዜውን የሚወስደው ዝግጅቱ ነው፤ መመሪያውም በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ዝግጅቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ቶርኖ በእያንዳንዱ ዙር ሽቦው የሚያርፍበትን ቦታ ይጠብቃል፤ የሽቦውን ጉተታ እኩልነትና የቱቦውን ጠባይ ግን አይጠብቅም። ጥቅል ሲበላሽ ጥፋቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ነው። በተለይ በወሎ፣ ቶርኖው ሞቃታማው ኮምቦልቻ፣ የሠሪው ቤት ደግሞ ብርዳማው ደሴ በሚሆንበት ጊዜ፣ የቱቦው ጠባይ ከሌላ አገር መመሪያ ላይ ተነብቦ የማይገኝ ችግር ያመጣል።

ልኬትና ስሌት

እዚህ በምሳሌነት የተወሰደው የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነና በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ለፍሳሽ መስመር የሚሸጠው የፒቪሲ ቱቦ ነው። የጥቅሉ ቁመት የስፋቱ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሲሆን ጥሩ ውጤት ስለሚሰጥ 480 ሚሊ ሜትር እንጠቀልላለን። በሁለቱም ጫፍ ባዶ የሚተወው ሲጨመር ቱቦው 560 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል።

ሽቦው ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት በኢናሜል የተለበጠ 0.40 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ይህ ልኬት የመዳቡን ውፍረት ብቻ የሚገልጽ መሆኑን አለመዘንጋት ያስፈልጋል። ነጠላ ሽፋን ያለው ሽቦ ከነኢናሜሉ 0.44 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ድርብ ሽፋን ያለው እስከ 0.46 ይደርሳል። ስለዚህ ቶርኖው በአንድ ዙር 0.45 ሚሊ ሜትር እንዲራመድ ከተደረገ፣ ነጠላ ሽፋን ባለው ሽቦ በ480 ሚሊ ሜትር ውስጥ 1,066 ዙር ይገባል። ለዚህም 370 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል፤ ክብደቱም ከ420 ግራም ብዙም አይርቅም። ግማሽ ኪሎ የገዛ ሰው ለሙከራም የሚተርፈው ይኖራል ማለት ነው።

የጥቅሉ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 51 ኦም ገደማ፣ ኢንዳክታንሱ ደግሞ 26 ሚሊ ሄንሪ ያህል ይሆናል። አናቱ ላይ የአልሙኒየም ቀለበት ሳይቀመጥበት ብቻውን ከ340 እስከ 350 ኪሎ ኸርዝ ባለው አካባቢ ያስተጋባል፤ ማለትም በዚህ ድግግሞሽ ሲነዳ ከሁሉ ይበልጥ ይርገበገባል። እነዚህ ቁጥሮች በኋላ ለፍተሻ ስለሚያገለግሉ በማስታወሻ ይያዙ።

ዕቃ መረጣ

ሽቦ ሲገዛ ሁለት ማጭበርበሮች ያጋጥማሉ። አንደኛው ከተቃጠለ ሞተር ተፈትቶ በድጋሚ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ላዩ ሲታይ ያብረቀርቃል፤ ኢናሜሉ ግን በሙቀት ስለተሰነጣጠቀ በጎረቤት ዙሮች መካከል ያለውን ቮልቴጅ አይችልም። ጥፍር ላይ በጠባቡ ሲታጠፍ ሽፋኑ የሚፈረፈር ከሆነ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ መግዛት አይገባም። ሁለተኛው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ይህንን ለመለየት 10 ሜትር ለክቶ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ገፍፎ በመልቲሜትር መለካት በቂ ነው። ንጹሕ የ0.40 መዳብ 1.4 ኦም ገደማ ሲያሳይ፣ አልሙኒየም ከ2 ኦም በላይ ያሳያል። የመለኪያው ገመዶች የራሳቸው ተቃውሞ ስላላቸው ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ የሚታየውን ቁጥር መቀነስ እንዳይረሳ።

ቱቦውን በተመለከተ፣ በሱቅ ደጃፍ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ላይ የከረመ ቱቦ ቀጥ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ደጋን ሆኗል። ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲያንከባልሉት ከሥሩ ብርሃን እየገባና እየጠፋ የሚታይ ከሆነ ሌላ ይመረጥ። ጥቁር የፖሊኢትሊን የውኃ ቱቦ ቀለሙን የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ከሚችለው ከከሰል ዱቄት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመከርም። የካርቶን ቱቦም ቢሆን፣ ክረምቱን በጉም በምትውለው ደሴ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ እኔ ከነጭራሹ አልጠቀምበትም።

የተመረጠው ቱቦ ፋብሪካው ያተመበት ጽሑፍ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ የኅትመት ቀለም ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላልና። ከዚያ በአልኮል ተወልውሎ ይደርቅና ሽቦው የሚያርፍበት ገጽ በሙሉ አንድ ስስ የፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ይቀባል። የቱቦው ውስጥ ደረቅና ባዶ መሆን አለበት። ሽቦን በቱቦው ግድግዳ ቀዳዳ አበጅቶ ወደ ውስጥ ማስገባት በብዙ የእጅ ሥራዎች ላይ የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ ብልጭታው በቱቦው ውስጥ አቋራጭ መንገድ እንዲያገኝ ስለሚያደርግ ለከፍተኛ ቮልቴጅ ጥቅል ፈጽሞ አይሆንም።

ቱቦውን ቶርኖ ላይ ማሰር

ከኮምፔርሳቶ ሁለት ክብ ሰሌዳዎች ተቆርጠው በቱቦው አፍ ውስጥ ጥብቅ ብለው እንዲገቡ እዚያው ቶርኖ ላይ ይስተካከላሉ፤ ወደ ውስጥ ሸሽተው እንዳይገቡ በውጭ በኩል ትንሽ ከንፈር ይተውላቸው። በመሐላቸው 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሙሉ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ያልፍና ከሁለቱም ወገን በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይጠበቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ሰሌዳዎቹ ቱቦውን ከሁለት ጫፍ ስለሚጨብጡት ዘንጉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሚያሳየው መንቀጥቀጥ ይጠፋል። በአንድ በኩል የወጣው ዘንግ በቻኩ (በቶርኖው በሚሽከረከረው መያዣ መንጋጋ) ይያዛል፤ ጥርሱ እንዳይጨፈለቅ ግን በስስ የአልሙኒየም ላሜራ ይጠቅለል። ሌላው ጫፍ መሐሉ በሴንተር ድሪል ተበስቶ በቴልስቶኩ (ከቻኩ ትይዩ በሌላው ጫፍ ባለው ድጋፍ) ይደገፋል። ከዚያ ቻኩን በእጅ እያዞሩ ቱቦው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ማየት ነው። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለው መወዛወዝ አያስቸግርም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰሌዳው ተፈትቶ ይስተካከል።

የቶርኖ ባለቤት ወይም ሠራተኛ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብረት የማይቆረጥበት ሥራ ምን ያህል ሰዓት ማሽኑን እንደሚይዝበት ነው። «ጋሼ፣ ቢላ የለውም፤ ማርሹን አስተካክለው በዝግታ ብቻ ነው የሚያዞሩልኝ» ብሎ አስቀድሞ መነጋገር፣ ዋጋውንም በግማሽ ቀን መስማማት ይሻላል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በደሴው የወይዘሮ ስኅን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሚማሩ ደግሞ የወርክሾፕ መምህራቸውን አስፈቅደው ቢሠሩ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ማርሽና አዟዟር

በቶርኖው ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ 0.45 ሚሊ ሜትር ይፈለግ። ይህ ልኬት የኤም 2.5 ብሎን ጥርስ ስለሆነ ብዙ ባለ ሜትሪክ ቶርኖዎች አላቸው። በኢንች የሚሠራ የቆየ ቶርኖ ላይ በኢንች 56 ጥርስ የሚለው ቢመረጥ 0.4536 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ያለ ምንም ለውጥ ያገለግላል። ሁለቱም ከሌሉ 0.5 ይመረጥ፤ ዙሩ ወደ 960 ዝቅ ይላል እንጂ ጥቅሉ ይሠራል። ድርብ ሽፋን ያለው ሽቦ የገዛ ሰውም 0.5 መጠቀም ይኖርበታል። 0.40 ግን በምንም ምክንያት አይመረጥም፤ ሽቦው ከቦታው ይበልጥ ስለሚወፍር አሥር ዙር ሳይሞላ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል።

ሠንጠረዡ የተናገረውን ማመን ብቻውን አይበቃም። በተለይ ማርሾቹ ከጊዜ ብዛት በተለዋወጡበት ማሽን ላይ ሽቦ ሳይታሰር 100 ዙር ማዞርና ካሪጁ (በቶርኖው አልጋ ላይ የሚንሸራተተው የቢላ ተሸካሚ) 45 ሚሊ ሜትር መሄዱን በካሊፐር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ጉዳይ አለ። ቶርኖ በተለመደው አቅጣጫ ሲዞር የቱቦው አናት ወደ ሠራተኛው ይመጣል። የሽቦ መሪው ደግሞ ከፊት ለፊት፣ ከቢላ መያዣው ላይ ስለሚታሰር፣ ሽቦው ከቱቦው ሥር ገብቶ መጠቅለል ይኖርበታል፤ ይህም ከዓይን ይሰወራል። በተቃራኒው አቅጣጫ ቢዞር ግን ሽቦው በአናት በኩል ያርፍና እያንዳንዱ ዙር ፊት ለፊት ይታያል። በዚህ ላይ፣ ለተለመደው የቀኝ ጥርስ የተዘጋጀው ካሪጅ ማሽኑ ወደ ኋላ ሲዞር ከቻኩ እየራቀ ወደ ቴልስቶኩ ስለሚሄድ፣ እጅም ከሚሽከረከረው የቻክ መንጋጋ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ የኋላ አዟዟር ይመረጣል፤ ጥቅሉም ከቻኩ ወገን ይጀመራል። ቻካቸው በጥርስ ብቻ የሚታሰር አሮጌ ቶርኖዎች ላይ ግን የኋላ አዟዟር ቻኩን ሊፈታው ስለሚችል፣ እንዲህ ባለው ማሽን ላይ በተለመደው አቅጣጫ በሥር በኩል መጠቅለልና ከታች መስታወት ማስቀመጥ ይሻላል።

ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ዙር ወይም ማሽኑ የሚፈቅደው ለዚህ የቀረበ ዝቅተኛ ፍጥነት ይሁን። በ60 ዙር ሥራው 18 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ጉተታው

የሸማኔ ልጅ ማግ በቀሰም ላይ ስትጠቀልል ክሩን በሁለት ጣቷ መካከል እያሳለፈች እንደምትይዘው ሁሉ፣ እዚህም ሽቦውን የሚቆጣጠር ለስላሳ ጣት ያስፈልጋል። ከጠንካራ እንጨት ሁለት ቁራጮች ተዘጋጅተው በመካከላቸው የሱፍ ጨርቅ ይደረግና በብሎን ይጠብቃሉ፤ ሽቦው በሱፉ መሐል ያልፋል። በወሎ ደጋ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ባና ለዚህ ከፋብሪካ ስፖንጅ የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይበላም። አሸዋና የብረት ፍቅፋቂ እንዳይኖርበት ግን አስቀድሞ ታጥቦ ይድረቅ፤ አንዲት የብረት ቅንጣት በሱፉ ውስጥ ብትቀር ሽፋኑን ከ370 ሜትሩ ዳር እስከ ዳር ትቧጭረዋለች።

የሽቦው ሮሎ ወለል ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ከካሪጁ ጋር አብሮ እንዲጓዝ በትንሽ የብረት መያዣ ከካሪጁ ላይ ይታሰር። እንዲህ ሲሆን ሽቦው ከሮሎ ወደ መሪው የሚገባበት ማዕዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም። መሪው ከቱቦው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራቅ።

መጠኑ ይህ ነው፦ ሽቦውን በመሪው ውስጥ አሳልፎ ጫፉን በትንሽ የምንጭ ሚዛን ቀስ ብሎ መጎተት፣ ሚዛኑም 400 ግራም ገደማ እንዲያሳይ ብሎኑን ማስተካከል። የ0.40 መዳብ የሚበጠሰው ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ሲሆን ነው፤ ነገር ግን ገና 700 ግራም አካባቢ ሲደርስ በዘላቂነት መለጠጥ ይጀምራል፤ ከተለጠጠ ደግሞ ኢናሜሉ ይሳሳል። ከ200 ግራም በታች ከሆነ በበኩሉ ጥቅሉ በጣት ሲገፋ ይንሸራተታል።

ጥቅለላው

በመጀመሪያ ስለ ሠሪው። ጓንት አይደረግም፤ ሽቦውም በጨርቅ አይያዝም፤ የሚሽከረከር ነገር ጓንትን ከያዘ ጣትን ይዞ ይሄዳልና። ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻሽና ረጅም እጅጌ ይወለቁ ወይም ይሰብሰቡ። በደሴ ብርድ ጋቢ አውልቆ መቆም ቢከብድም በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከቻኩ ወገን ካለው የቱቦ ጫፍ 40 ሚሊ ሜትር ተለክቶ በእርሳስ ዙሪያውን ምልክት ይደረግ። ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራ ተትቶለት በምልክቱ ላይ በናስትሮ ይያዝ፤ የናስትሮው ጫፍ በፈጣን ማጣበቂያ ይደገፍ። ይህ ጫፍ የጥቅሉ ሥር፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚገናኘው ወገን ይሆናል። ቻኩን በእጅ እያዞሩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ዙሮች መጠቅለል፣ መሪውም በትክክል ከምልክቱ ፊት እንዲቆም ማስተካከል ይቀጥላል። ዙሮቹ ጎን ለጎን ተኝተው በመካከላቸው ቱቦው የማይታይ ከሆነ ማሽኑ ሊነሣ ይችላል።

ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ዓይን ከሽቦው ማረፊያ አይነሣም። የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ ብሎ ቢበራ የተደራረበ ዙር ወዲያው ጥላ ይጥላል፤ በደንብ የተኛው ጥቅል ግን እንደ አንድ ወጥ የመዳብ ገበር ያብረቀርቃል። መደራረብ ሲታይ ማሽኑ ይቆማል፣ ካሪጁ ከሊድስክሩ (ካሪጁን ከሚነዳው ረጅም ብሎን) ሳይላቀቅ ሞተሩ ይጠፋና ቻኩ በእጅ ከጥቅለላው በተቃራኒ ይዞራል፤ የተፈታውን ሽቦ ሌላ ሰው በሮሎው እየሰበሰበ ጉተታውን ይጠብቃል። ካሪጁ አብሮ ስለሚመለስ ማርሹ ውስጥ ያለው ልል ቦታ ሁለት ሦስት ዙር ያህል ይበልጥ እንዲፈታ ያስገድዳል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

መብራት በመሐል ከጠፋ ሽቦው በናስትሮ ተይዞ የቶርኖው ዋና ማብሪያ ይጥፋ። ብዙ የቆዩ ቶርኖዎች መብራት ሲመለስ ራሳቸውን የሚነሡ በመሆናቸው፣ በጨለማ ውስጥ ቱቦው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያስተካክል ሰው ላይ ማሽኑ ሊነሣበት ይችላል።

ሽቦው ቢበጠስስ? ከመጀመሪያው ሩብ ላይ ከሆነ አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው። በታችኛው ግማሽ ከሆነ ጫፎቹ ተደርበው በሊድ ተበይደው፣ ለስልሰውና በቫርኒሽ ተሸፍነው ሊቀጠሉ ይችላሉ። በላይኛው ግማሽ፣ ቮልቴጁ ከፍ በሚልበት ክፍል ግን መቀጠልን አልመክርም፤ የብየዳው ጉብታ የብልጭታ መነሻ ይሆናል።

ቫርኒሽና የአየሩ ነገር

እዚህ ላይ ወሎ ለብቻዋ ጣጣ አላት። ፒቪሲ በሙቀት የሚሰፋውና በብርድ የሚሸማቀቀው ከመዳብ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በ400 ግራም የተጎተተ ሽቦ የተለጠጠው በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ቱቦው በ6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቢቀዘቅዝ ያ ልጠጣ አልቆ ጥቅሉ መላላት ይጀምራል። ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ተጠቅልሎ፣ በሐረጎ ዳገት ተጭኖ በማታ ደሴ የሚገባ ያልተቀባ ጥቅል ጧት ሲነካ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ማልዶ፣ ቱቦው ገና ቀዝቃዛ ሳለ መጠቅለልና ቶርኖው ላይ እንዳለ ወዲያው ቫርኒሽ መቀባት ነው። በብርድ ተጠቅልሎ በኋላ የሚሞቅ ጥቅል ይጠብቃል እንጂ አይበጠስም።

ቫርኒሹ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ፣ ማሽኑ በዝግታ እየዞረ፣ በስሱ ይቀባል፤ እስኪረጋም መዞሩ አይቋረጥ፤ ካልሆነ ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። የቶርኖው አልጋ በጋዜጣ ይሸፈን፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ አጠገቡ ሲጋራም ብየዳም አይኑር። ከአራት እስከ ስድስት ንብር በቂ ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ ያሉት ቤት ውስጥም ሊቀቡ ይችላሉ። ሞተር ጠቅላዮች በምድጃ የሚያበስሉት ቫርኒሽ ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ እንዲበስል ከ100 ዲግሪ በላይ ሲፈልግ ፒቪሲ በ80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳልና። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ወቅት ቫርኒሹ ወተት መስሎ ሊደርቅ ስለሚችል ደሴ ላሉ ሰዎች ጥቅምትና ኅዳር የተሻሉ ወራት ናቸው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይበሳል። ስለዚህ በውጭ መመሪያዎች ላይ በመጀመሪያው (ከትራንስፎርመሩና ከካፓሲተሩ ኃይል በሚቀበለው) እና በሁለተኛው ጥቅል መካከል 30 ሚሊ ሜትር ይተው የሚል ከተነበበ፣ ደሴ ላይ 40፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 38 ማድረግ ያስፈልጋል።

ፍተሻና ጥንቃቄ

የተጠናቀቀው ጥቅል ጫፎቹ ተገፍፈው በመልቲሜትር ሲለካ ከ51 ኦም ብዙ መራቅ የለበትም። ነገር ግን ሁለት ጎረቤት ዙሮች ቢገናኙ ለውጡ ከግማሽ ኦም እንኳ እጅግ ያነሰ ስለሆነ መልቲሜትር አይነግርም። ሲግናል ጀነሬተርና ኦሲሎስኮፕ ባለበት ቤተ ሙከራ የማስተጋቢያ ድግግሞሹ ሲፈለግ ጫፉ ሹልና ከፍ ያለ ከሆነ ጥቅሉ ጤነኛ ነው፤ ደብዛዛና ዝቅ ያለ ከሆነ የሆነ ቦታ ዙሮች ተገናኝተዋል።

ሰውን የሚገድለው በአብዛኛው ይህ ጥቅል ሳይሆን የሚመግበው ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ነው። ከማይክሮዌቭ ምድጃ የወጣ ትራንስፎርመር 2,000 ቮልት ገደማ በከባድ ከረንት ስለሚሰጥ ለዚህ ሥራ አይቅረብ። የጥቅሉ ሥር ከቤቱ የመብራት መስመር መሬት ጋር ሳይሆን ለብቻው በተቀበረ የመዳብ ዘንግ ይያያዝ፤ መስመሩ ከተጋራ ከፍተኛው ድግግሞሽ ወደ ጎረቤት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይደርሳል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው በቦታው አይገኝ። ካፓሲተሩ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ኃይል ስለሚይዝ፣ በሬዚስተር በኩል ሳይራገፍ ምንም ነገር በእጅ አይነካም።

ጥቅሉ በመኪና ሲጓጓዝ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆሞ ይሂድ፤ ጎኑ ላይ ዕቃ አይጫንበት። ከደረሰም በኋላ እንደገና ይለካ፤ የመዳብ ተቃውሞ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ስለሚለወጥ፣ ኮምቦልቻ በቀን ከተለካው ደሴ በማታ 2 ኦም ያህል ዝቅ ብሎ ቢገኝ ጥፋት አይደለም፤ ቁጥሩ ጨርሶ ካልታየ ወይም ሲነቀነቅ የሚዘል ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚፈተሹት በናስትሮ የተያዙት ሁለቱ ጫፎች ናቸው።